ባለማድረግ የሚሠራ ኃጢአት

የካውቦይ ፊልም ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የፈረስ ግልቢያና የጥይት ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. በፍሬድ ዚነማን ዳይሬክተርነት የተሠራው «ሃይ ኑን»፣ ማለትም «እኩለ ቀን»፣ ግን በአብዛኛው የአንድ ሰው ልመና ታሪክ ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ የነበረው ዊል ኬን፣ ቀድሞ ያሰረው ወንበዴ ተፈትቶ በእኩለ ቀን ባቡር ሊበቀለው እንደሚመጣ ይሰማል፤ ሦስት ግብረ አበሮቹም በጣቢያው ይጠባበቃሉ። ኬን ረዳት ፍለጋ ይዞራል፤ ሰዓቱም ይነጉዳል።

ዕለቱ እሑድ ነውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። በዚያ ያሉት ምእመናን ክፉዎች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግን ምክንያት አለው። አንዱ ጉዳዩን የሁለት ሰዎች የግል ጠብ ያደርገዋል። ሌላው ኬንን አመስግኖ ሲያበቃ፣ ለከተማዋ ዕድገት ሲባል እንዲሄድ ይመክረዋል። ሰባኪውም ጽድቁና በደሉ ግልጽ መሆኑን እያመነ፣ ሕዝቡን ግደሉ፣ ሙቱም ለማለት ቃል ያጣል።

ታሪኩ ከዘመኑ ፖለቲካ የራቀ አልነበረም። የፊልሙ ጸሐፊ ካርል ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ኮሚኒስቶችን ይመረምር በነበረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ የሌሎችን ስም አልሰጥም በማለቱ በአገሩ ሥራ ተነፍጎ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ወዳጆቹም ሸሹት። የኬንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ጋሪ ኩፐር ግን በፖለቲካ አመለካከቱ የፎርማን ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ድጋፉን አልነፈገውም። ባልንጀራ የሚለየው በአመለካከት አንድነት አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሰባኪው ደም መፋሰስን መጥላቱ አያስነቅፈውም። ሆኖም ላለመግደል መወሰንና ወንድምን ብቻውን መተው አንድ አይደሉም። ያ ሁሉ ሕዝብ ተባብሮ በኬን ጎን ቢቆም፣ ምናልባት አንድም ጥይት ባልተተኮሰ ነበር። በመተዉ ግን አራት ሰዎች ሞቱ፤ በእምነቷ መግደልን የምትጸየፈው የኬን ሚስት እንኳ ባሏን ለማትረፍ ተኮሰች። ሰላም ወዳዱ ዝምታ ግድያን አላስቀረም፤ ሸክሙን በሁለት ሰዎች ላይ ጣለ እንጂ።

በደጉ ሳምራዊ ምሳሌም ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አልደበደቡትም፤ አይተውት አለፉ እንጂ። ስለዚህ ኅሊናችንን ስንመረምር «ምን አደረግሁ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ማን ሲጠራኝ ዝም አልሁ?» ብለን እንጠይቅ። ኬን በፊልሙ መጨረሻ የሹመቱን ምልክት በአቧራው ላይ ጥሎ ሲሄድ፣ ዘግይተው ለተሰበሰቡት የከተማው ሰዎች አንድም ቃል አልተናገረም። የሚመልሱትም አልነበራቸውም።