ሁለት እህቶችና አንድ ተዳፋት

ጎንደር ውስጥ ሁለት እህቶች የአባታቸውን ተዳፋት ግቢ ተካፈሉ፤ ላይኛው ለታላቂቱ፣ ታችኛው ለታናሺቱ ደረሰ። ታላቂቱ ሰኔ እንደገባ መሬቱን አስደልድላ ሳር አለበሰችው፤ በአጥሩ ዙሪያም ጽጌረዳ ተከለች። ታናሺቱ ምንም አልተከለችም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣና ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት ሾልኮ እንደሚወጣ እያየች ድንጋይ ታስቀምጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲተክል አንቺ ድንጋይ ትለቅሚያለሽ?» አለቻት እህቷ።

«እትዬ፣ ውሃው መንገዱን ያሳየኝ ብዬ ነው።»

መስከረም ላይ የተወደሰው የላይኛው ግቢ ነበር። ጥር ሲገባ ቧንቧው በፈረቃ ሆነና ሳሩ ነጣ። ከታች ግን በድንጋዮቹ አግድም እርከን ወጥቶ፣ ጎርፍ ይተኛበት በነበረው ቦታ ኮክና ጌሾ ለምልሟል፤ ሥራቸው በጤፍ ገለባ ተሸፍኗል። ውሃ የማይደርስበት ጥግ የጤና አዳም ድርሻ ሆኗል።

«ውሃ ከየት ታመጫለሽ?»

«ከክረምቱ። ግማሹማ ያንቺ ነው፤ በዚህ ሲያልፍ አስቀረሁት።»

የጓሮ ነገር ሲነሳ ጠባችን ሁሉ ከቧንቧው ጋር ነው። ሐምሌና ነሐሴ የሚያወርዱትን ግን ማንም አይቆጥረውም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር በጣለበት ቀን 50 ካሬ ሜትር ጣራ 1,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ግድግዳ አበስብሶ፣ አፈር ጠርጎ ይሄዳል። የአፈሩን መጨረሻ ለማየት አንገረብ ድረስ መሄድ ነው፤ ለከተማዋ ውሃ የሚያጠራቅመው ግድብ ከተራራው በሚወርድ ደለል ተቸግሯል። የፋሲል መዋኛ እንኳ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ የውሃው መንገድ ታስቦበታል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ከችግኙ በፊት አሸንዳው ይገዛ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ ስለሚያጥቡ ከሮቶው ይልቅ ወደ ዛፎቹ ሥር ይለቀቁ። የሳሙና እጣቢም ለጓሮው ቢውል ለጎመንና ለሰላጣ አይሁን።