እንቢ ያለው ልጅ
በመካከላችን ስለሚኖሩ የማያምኑ ወገኖቻችን



በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ሁለት ልጆች የተናገረው አጭር ምሳሌ ይገኛል። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ሁለቱንም አዘዛቸው። አንደኛው እንቢ ካለ በኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሌላው ግን በአክብሮት እሺ ብሎ ሳይሄድ ቀረ። ጌታችን ይህን ምሳሌ የተናገረው ለአሕዛብ ሳይሆን በቤተ መቅደስ ለቆሙት ለካህናት አለቆችና ለሕዝብ ሽማግሌዎች መሆኑን ልብ እንበል። እኔም ካህን እንደመሆኔ ይህን ምሳሌ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ስለ እኔ እንደሚናገር ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰንበት ስብከቴ ላይ፣ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ሐቀኛ የሚሆንበት ምክንያት እንደሌለው፣ ወላጁንም ሆነ ጎረቤቱን ከልቡ ሊወድ እንደማይችል ተናገርሁ። ቃሉ ለጆሮ የተመቸ ስለነበረ ምእመናኑም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ከቅዳሴ በኋላ ግን አንዲት እናት በደጀ ሰላሙ ቆማ ጠበቀችኝ። «አባ፣ የበኵር ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰ ጀምሮ አላምንም ይላል። አባቱ በሕመም አልጋ ላይ ከዋለ ግን ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ ሌሊት የሚነሣለት እርሱ ነው። ዛሬ የተናገሩት ስለ እርሱ ነው። እኔ እቤት ስገባ ዐይኑን እንዴት አድርጌ ልየው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልሰጣት የሚገባኝ መልስ ነው።

ውድ ምእመናን፣ በሀገራችን ሃይማኖት በልብ ብቻ የሚያዝ አሳብ አይደለም፤ የሰላምታችን፣ የማዕዳችን፣ የሐዘናችንና የዘመን አቈጣጠራችን ቋንቋ ነው። ደኅንነታችንን ለሚጠይቀን የምንመልሰው በምስጋና ነው፤ የሞተብንን የምንሸኘው ነፍስ ይማር ብለን ነው፤ የምንበላውና የማንበላው፣ የምንሠራበትና የምናርፍበት ቀን በጾምና በበዓል የተወሰነ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቈጠራ መሠረት ከሕዝባችን 43.5 ከመቶ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ከመቶ ሙስሊም፣ 18.6 ከመቶ ፕሮቴስታንት፣ 0.7 ከመቶ ካቶሊክ ነበረ። ከእነዚህና ከባህላዊ እምነቶች ውጭ የተቈጠረው እጅግ ጥቂት ነው። አንደበታችንም ቢሆን ይህንኑ ይመሰክራል። ቃሉን የማይጠብቀውን ሰው ማተብ የለውም እንላለን፤ ርኅራኄ የጎደለውንም ሃይማኖት የለሽ ብለን እንነቅፋለን። ስለዚህ የማያምነው ሰው ሥራው ከመታየቱ በፊት በቋንቋችን ተፈርዶበታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን እንዴት ይኖራል? ብዙውን ጊዜ ተሰውሮ ይኖራል። እናቱን እንዳያሳዝን ይጾማል፤ ጎረቤት እንዳያማው በበዓል ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል፤ ለማግባት ሲያስብ በማን ፊት፣ በምን ሥርዐት እንደሚያገባ ይጨነቃል፤ መቃብሮቻችን በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች የሚጠበቁ ስለሆኑ ሲሞት የት እንደሚቀበር እንኳ ያስባል። የሚናገረው ከተናገረ ቤተሰቡን ያጣል፤ ዝም ካለ ደግሞ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ይህን ጭንቀት በሙስሊሙም፣ በኦርቶዶክሱም፣ በካቶሊኩም ቤት እናገኘዋለን።

እርግጥ ነው፣ ሕዝባችን አምላክ የለሽነትን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መመሪያው አድርጎ ሲነሣ፣ ክህደት በጠመንጃ ታጅቦ ነው ወደ ቀበሌያችንና ወደ ትምህርት ቤታችን የገባው። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የተነሡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ወጣት አማኝ የመስቀሉን ክር በሸሚዙ ሥር ሸሽጎ፣ በውይይት ክበብ ውስጥ ያላመነበትን እየደገመ ኖሯል። እንግዲህ ልብን ሸሽጎ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? በእኛ ላይ የተደረገው ግፍ ከነበረ፣ እኛ ደግሞ ተራችን ሲደርስ ሌላውን በሐሜትና በማግለል እንዲሸሸግ ብናደርገው ግፉ ባለቤቱን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በጠመንጃ የሚያስገድድ ሥርዐት ሌላ ነው፤ ልቡ የተጨነቀበትን ጥያቄ ይዞ በማዕዳችን ዙሪያ የተቀመጠ የገዛ ልጃችን ሌላ ነው።

እኛ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ደግሞ ይህን የምናስተውልበት ልዩ ምክንያት አለን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተንከራተቱ መነኵሴ ነበሩ። ሕሊናቸው ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በመራቸው ጊዜ በወገኖቻቸው ዘንድ እንደ ከሃዲ ተቈጠሩ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ሳሉ፣ ሰንሰለታቸውን ተሸክመው ዐረፉ። የአባቶቻቸውን እምነት ለመልቀቅ የደፈረውን ሕሊና የምናከብር ሆነን፣ የእኛን እምነት ለመቀበል ያልቻለውን ሕሊና እንዴት እንረግማለን? ከዚህም ወደ ኋላ ብንመለስ፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሮም መንግሥት ዘንድ የተከሰሱት አምላክ የለሾች ተብለው ነበር። የሰምርኔሱ ጳጳስ ቅዱስ ፖሊቃርጶስ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ለሰማዕትነት ሲቀርብ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ በዚህ ስም የሚጠሩትን ክርስቲያኖች እንዲያወግዝ ተጠይቆ ነበር። ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕትም ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ጲዮስ በጻፈው መከላከያ ላይ ይህንኑ ክስ ተቀብሎ፣ ሐሰተኞቹን አማልክት በሚመለከት እውነት መሆኑን፣ እውነተኛውን አምላክ በሚመለከት ግን ሐሰት መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ዛሬ አምላክ የለም የሚለን ሰው ምናልባት የሚክደው እኛ በክፉ ሥራችን የሳልንበትን የተሳሳተ ሥዕል እንደሆነ መመርመር ይገባናል።

ይህን አሳብ ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ባወጀው «ጋውዲዩም ኤት ስፔስ» በተባለው ሰነድ ከቍጥር 19 እስከ 21 ባለው ክፍል፣ እምነት የለሽነትን ትክክል ነው ባይልም፣ አማኞች እምነታቸውን በማስተማር ቸልተኞች ሲሆኑ፣ ትምህርቱን ሲያጣምሙ፣ በኑሮአቸውም ሲጐድሉ የእግዚአብሔርን እውነተኛ ገጽ እንደሚሰውሩና ለእምነት የለሽነት መወለድ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ይናገራል። በዚያው ቀን የታወጀው ስለ ሃይማኖት ነጻነት የተነገረው ሰነድም የእምነት ሥራ በባሕርዩ የነጻ ፈቃድ ሥራ ስለሆነ ማንም ወደ እምነት ሊገደድ እንደማይገባው ያስተምራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በዚያው ዓመት ከማያምኑ ጋር የሚደረገውን ውይይት የሚመራ ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ፤ መሪውም የቪየናው ካርዲናል ፍራንስ ኬኒግ ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሲዚ ለሰላም በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የማያምኑ ምሁራንን ጭምር ጋበዙ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 የሕሊና፣ የሃይማኖትና የአመለካከት ነጻነትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ ማስገደድንም ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያንም መንግሥትም የከለከሉትን ማስገደድ እኛ በቤታችን ልንፈጽመው አይገባንም።

አንዳንዶች በዚህ ጊዜ መዝሙር 14ን ያነሣሉ፤ በዚያ አምላክ የለም ባዩ ሰነፍ ተብሏልና። ነገር ግን መዝሙሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ዳዊት የሚወቅሰው ሕዝብን እንደ እንጀራ የሚበሉትን፣ የድኻውንም ምክር የሚያሳፍሩትን ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ስመ እግዚአብሔርን ከአፉ ሳያጠፋ፣ በበዓላት ሁሉ ከፊት ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር፣ የሙት ልጅ ርስት የሚነጥቅ ሰው በቃሉ እሺ ያለ፣ በሥራው ግን ያልሄደ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እምነትና አለማመን ያው ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ለእግዚአብሔር እንደ ተፈጠረ፣ ልቡም ከእርሱ በቀር ሙሉ ዕረፍት እንደማያገኝ እናምናለን፤ ይህንንም ከማንም አንሸሽግም። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን በየዋህነትና በአክብሮት እንድንመልስ አዝዞናል። ከዚህም በላይ በእምነት ውስጥ የሚመጣው ጨለማ ለቅዱሳንም ያልተሰወረ ነው። የሊዝዮዋ ቅድስት ተሬዛ ከ1896 ፋሲካ ጀምሮ በ1897 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ቀን ድረስ ሰማይ የተዘጋባት ያህል በፈተና ኖራለች፤ ከማያምኑት ጋር በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጠች አድርጋ ራሷን ቈጥራ ስለ እነርሱ ጸልያለች። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተሙት የካልካታዋ ቅድስት ተሬዛ ደብዳቤዎችም፣ ድኾችን ታገለግል በነበረችባቸው ብዙ ዓመታት ውስጥ የእግዚአብሔር ዝምታ ምን ያህል እንደ ከበዳት ይገልጻሉ። እንግዲህ ጥያቄ ያለበትን ልጃችንን ስናይ፣ ቅዱሳን ያለፉበት ሌሊት ምን እንደሚመስል እናስታውስ።

ስለሆነም ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አላምንም ቢላችሁ ከቤት አታስወጡት፣ በእንግዳ ፊትም አታሳፍሩት። ሳያምን እንዲቈርብም አታስገድዱት፤ ይህ እርሱን አያድነውም፣ ምሥጢሩንም ያቃልላል። ጸልዩለት፤ ሲናገርም እስኪጨርስ ስሙት። ሐዋርያው ቶማስ አላምንም ባለ ጊዜ ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት አላባረሩትም፤ በስምንተኛው ቀን ጌታ ሲገለጥ ከእነርሱ ጋር በቤት ውስጥ ነበረ። ቢያባርሩት ኖሮ የት ባገኘው ነበር? ካህናት ወንድሞቼም፣ በመስበኪያው ላይ ስለማያምኑ ስንናገር እናቶቻቸው ከፊታችን ተቀምጠው እንደሚሰሙን አንርሳ።

ይህ ገጽ በአጋጣሚ በእጅህ የገባ፣ የማታምን ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በስማችን የተደረገባችሁን በደል ይቅር በሉን። እናንተም የእናቶቻችሁን ጸሎት እንደ ድንቍርና አትቍጠሩባቸው፤ በዚያ ጸሎት ውስጥ ስማችሁ አለና። እውነትን ከመፈለግ አታቋርጡ፤ እኛም አብረናችሁ እንፈልጋለን።

ከዚያች ሰንበት በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ወጣቱ በሩን ሲከፍትልኝ እጁ በሳሙና ርሶ ነበር፤ አባቱን እያጠበ ነበርና። በስብከቴ ስለ ተናገርሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። «አባ፣ አምናለሁ ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለኝ። ቃል ለመቀበል እንዳልመጣሁ ነግሬው፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ሕመምተኛውን በማገላበጥ ረዳሁት። አባትየው በሚቀጥለው ዓመት ባረፉ ጊዜ ልጁ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ እስከ መቃብሩ መጣ። ሁላችን አሜን ስንል እርሱ ዝም አለ፤ ማንም አልተቈጣውም። እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቅዳሴ አልተመለሰም። እናቱ ግን አሁን ዐይኑን ታየዋለች።

የወይኑ ቦታ ሥራ ገና አላለቀም። በቃል እሺ ያልን እኛ በሥራ እንድንሄድ፣ እንቢ ያሉትንም በመንገድ ላይ እንደ ወንድም እንድንቀበላቸው ቸሩ አባታችን ጸጋውን ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።