ዋጋው የማይወድቅ ብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ በቅድስት እሑድ፣ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይነበባል። ጌታችን ስለ ጾም አስተምሮ ወዲያው ስለ ሀብት ማከማቸት መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህንን እንድናስተውል የአንዲት ከተማን ታሪክ ላካፍላችሁ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሞሃቪ በሚባለው በረሃ ውስጥ ካሊኮ የምትባል ከተማ አለች። በ1881 እ.ኤ.አ. ከተራራዋ ብር ተገኘ። ወሬው ሲሰማ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ምድር ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ተሠራ፤ በ1882 ጋዜጣ ሳይቀር መታተም ጀመረ። በአካባቢዋ ወደ 500 የሚጠጉ የማዕድን ጉድጓዶች ነበሩ፤ በ12 ዓመታት ውስጥም 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ብር ተቆፈረ።

ታዲያ ያቺ ከተማ ለምን ባዶዋን ቀረች? ብሩ አልቆ ይመስላችኋል? አይደለም። በተራራው ውስጥ ገና ብር ነበር። የወደቀው ዋጋው ነው። በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር በብዛት የሚገዛበትን ሕግ ሻረ። ቀድሞ ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አንድ ወቄት ብር ወደ 60 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ከትርፉ ወጪው በለጠ። ሰውም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ አንዳንዱ ቤቱን ሳይቀር ነቅሎ ወሰደ። በ1951 ዋልተር ኖት የተባሉ ባለሀብት ገዝተው አሳደሷት፤ ዛሬ ጎብኚ የሚመላለስባት ሥፍራ ናት።

ልብ በሉ! ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ላቡን ያፈሰሰው አንዱ ነው፤ የላቡን ዋጋ የቆረጠው ደግሞ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ነው። የምድር ሀብት እንዲህ ነው። ጻድቁ ኢዮብም በ28ኛው ምዕራፍ፣ ሰው በጨለማ ቆፍሮ ብርን ሲያገኝ፣ ጥበብን ግን እንዲያ ቆፍሮ እንደማያገኛት ይናገራል።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ራሴ ነፃ አይደለሁም። በአንድ ጾም አንዲት እናት የመድኃኒት መግዣ ቢለምኑኝ “የለኝም እማማ” አልኳቸው። ኪሴ ውስጥ ግን ነበረኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ነበር እኮ! ሆዴ ጾመ እንጂ እጄ አልተዘረጋም። ያ ገንዘብ በምን እንዳለቀ ዛሬ አላስታውስም፤ የእኚያን እናት ፊት ግን አልረሳሁትም።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ በጾም ከሥጋውና ከወተቱ የተረፈው ገንዘብ የት ነው ያለው? ሣጥን ውስጥ ከሆነ ገበያ ዋጋውን ይቆርጥበታል። በደጃችን ለተቀመጠው ድሃ ከሰጠነው ግን ዋጋውን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ደግሞ አይወድቅም። ነገ ከቅዳሴ ስትወጡ እጃችሁ ባዶ አይሁን።

የጾሙን በረከት ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።