ዝም ያለ ሁሉ ድኗልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ወር እንድንጽፍበት የተሰጠን ርእስ «ሰላም» የሚል ነበር። እኛ ግን የምንጀምረው ከአንዲት አሮጌ ቮልስ ነው። አንባቢ አይደነቅብን፤ ወደ ተሰጠን ርእስ መመለሳችን አይቀርምና።

መኪናይቱ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ንብረት ናት። ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና የመዝሙር ልብሱን ጭነን ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት የምንወጣው በእርሷ ነው። ቮልስ በዓለም ላይ መሠራቷ ጨርሶ የቆመው በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ነው፤ የአባባ ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብላ የተሠራች፣ ዕድሜዋ ከብዙዎቻችን ዕድሜ እጥፍ የሚበልጥ ናት። ታዲያ አንድ ቀን ከኋላዋ፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና፣ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር።

መካኒክ ያልሆነ ሰው ሁሉ መካኒክ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አንዱ ኩሽኔታ ነው አለ፤ ሌላው ማርሚታዋ ላልቷል አለ፤ ከበሮውን ታቅፋ ከኋላ የተቀመጠችው እኅታችን ደግሞ «ብቻ ከበሮው ነው እንዳትሉኝ» አለች። የሞተርን ድምፅ ከእግር ድምፅ ለመለየት በሜዳ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ማዳመጥ ይበቃል። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከቀዘቀዘ ከሞተር ነው፤ ጎማው በሚዞርበት ልክ ከቀጠለ ከእግር ነው። የእኛይቱ ግን ቆማም ትጮኽ ስለ ነበር ይህን ያህል መመራመር አያስፈልገንም ነበር። እንዲያውም ልብ ብሎ ላዳመጠ ድምፁ ከሞተሩ ዙር በግማሽ የዘገየ ነበር። ሞተር በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው 450 ጊዜ ነውና፣ ይህ የቫልቭ ምልክት ነው። ይህን ያወቅነው ግን ኋላ ነው።

ወደ አንድ ጋራዥ ወስደን «ይህን ድምፅ ብቻ አጥፋልን» አልነው። መካኒኩ የቫልቩን ክዳን ከፈተ፤ ዳዶዎቹን አላልቶ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። መኪናይቱ ስትነሣ ድምፅ የለም። ደስ አለን፤ ከፈልን፤ መርቀነውም ሄድን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንጦጦ ዳገት ላይ አቅም አጣች። ወርደን ገፋናት። ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ከዚያም ኮምፕሬሽኑን ለኩ። ሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቩ ተቃጥሏል።

«ማነው እንዲህ ያጠበቀው?» አሉን።

«ድምፅ ነበራትና እርሱን ሊያጠፋልን ነው፤ አባቴ» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ይሄ ሞተር ትንሽ ሲያንቋቋ ግድ የለም። ጭራሽ ዝም ሲል ነው ሰው መደንገጥ ያለበት» አሉን።

ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ነው። ቫልቭ በሚዘጋበት ጊዜ መቀመጫው ላይ በሚገባ ማረፍ አለበት፤ የተሸከመውን እሳት ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው በዚያች ባረፈባት ቅጽበት ነው። ስለዚህ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ በአብዛኞቹ ቮልሶች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብረት ለብረት በዚያ ክፍተት ሲገናኝ ጥቂት ይንኳኳል። ክፍተቱ ሲሰፋ ጩኸቱ ይበዛል፤ በልኩ ሊስተካከልም ይገባዋል። ፈጽሞ ሲጠፋ ግን ቫልቩ ማረፍ ያቅተዋል፤ እሳቱ በጠርዙ እያለፈ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ያን ጊዜም ድምፅ አያሰማም። በአሮጌዎቹ ቮልሶች ይህ አደጋ የሚጸናው በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ወደ እርሱ በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላልና። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግን ማቀዝቀዣው ከዚያ ቦታ ተነሥቷል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በደለኛው ማን ነው? መጀመሪያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ የፊተኛውን መካኒክ ኰነንን። እርግጥ ነው፣ ሙያው ከሆነ ሊያውቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን እኛ ከእርሱ ዘንድ የጠየቅነው ምን ነበር? «ከምን እንደ መጣ እይልን» አላልንም፤ «አጥፋልን» ነው ያልነው። የጠየቅነውንም ሰጠን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ራሷ ሳትደብቅ የተናገረችውን በገንዘባችን አስደበቅናት።

ቴስታታው ወርዶ ቫልቩ ተለወጠ። መኪናይቱ የተበላሸችው በእኛ አገልግሎት ነውና አባባ እንዲከፍሉ አልፈቀድንም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንዲወጣ ተስማማን። ለዚህም የሒሳብ መዝገቡን ከፈትን። መዝገቡ ሲከፈት የብዙ ወራት ወጪ ሳይጻፍ ተገኘ። ስርቆት አልነበረም፤ ገንዘቡ በምን እንደ ዋለ እየተጠያየቅን አብዛኛውን ደርሰንበታል። ግን አልተጻፈም።

አንዳንዶቻችሁ የምንናገረውን አሁን ዐውቃችሁታል። ከእኛ መካከል በየስብሰባው እየተነሣ «መዝገቡ ለምን አይነበብም?» የሚል ወንድም ነበረን። ስብሰባውን የምንመራው እኛ ነበርን። መጀመሪያ «በሌላ ጊዜ» አልነው፤ ቀጥሎ «ሰላማችንን አትንሣ» አልነው፤ በመጨረሻም እስራኤል በምድረ በዳ ማጉረምረማቸውን ጠቅሰን በጉባኤ መካከል ገሠጽነው። ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሁለት ስብሰባ ያለ ጭቅጭቅ አለቀ፤ ፍቅር መልሶልናል ብለንም በጸሎት አመሰገንን። በሦስተኛው እርሱ አልመጣም።

የጠቀስንበት መጽሐፍ ራሱ ግን ነገሩን እንደ እኛ አልጨፈለቀውም። ቆሬ ክህነትን ሽቶ ባጉረመረመ ጊዜ ተቀጣ፤ ሕዝቡ ተርቦ ባጉረመረመ ጊዜ ግን መና ወረደለት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበውም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ስለ ተረሱ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ እንጂ። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስን ያገኘነው ከዚያ ማጉረምረም የተነሣ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል?

«ታዲያ የሚጮኽ ሁሉ እውነተኛ ነውን?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። በጎማ ቆብ ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠር ከተቃጠለ ቫልቭ ይልቅ ትጮኻለች፤ በየስብሰባው ለመሰማት ብቻ የሚነሣም ሰው አለ። ነገር ግን ጠጠር መሆኗን የምናውቀው ቆቡን ፈትተን ስናይ ነው። እኛ የወንድማችንን ነገር ሳንፈታ ነው ጠጠር ያልነው። ደግሞም እውነቱን እንናገርና፣ ፈትቶ ማየቱ አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የሚፈጅብን።

ባለፈው ቅዳሜ ቮልሷን ተውሰን ወደ ቤቱ ሄድን። አሁን በልኩ ጥቂት ታንቋቋለች። እናቱ በደስታ ተቀብለው ቡና አፈሉልን፤ እርሱም ወጥቶ ሰላም አለንና ከአጠገባችን ተቀመጠ። መዝገቡን እንደ ከፈትን፣ ምን እንዳገኘንም፣ በጉባኤ የገሠጽነውም ያለ አግባብ እንደ ነበር ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እስክንጨርስ ድረስ በዝምታ አዳመጠን።

ከዚያም «መዝገቡን ይዛችሁት መጥታችኋል?» አለን።

አልያዝነውም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።