ራሱን ባለ ታሪክ ስለሚያደርግ ሰው

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ጽሑፍ ስለ ስርቆትና ስለ ስካር አትናገርም፤ ስለ እነዚያ የተጻፈ ብዙ አለ። የምትናገረው ማንም እንደ ኃጢአት ስለማይቈጥራት ስለ አንዲት ፈተና ነው፤ ይኸውም ሰው የገዛ ኑሮውን እንደ ቴአትር ከፊቱ ዘርግቶ፥ ራሱን በመካከሉ ባለ ታሪክ አድርጎ አቁሞ፥ ተመልካችም ራሱ ሁኖ መደነቁ ነው። ይህች ፈተና ማንበብ የሚያውቀውን፥ ከተማ ገብቶ የሚማረውን፥ ነገ ታላቅ እሆናለሁ ብሎ የሚተጋውን ሰው አብልጣ ትወዳለች።

በአርሲ ደጋ ለምንኖር ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አጠገብ ተወለደ፤ ከአሥር ልጆች አንዱ ነው። ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ፥ እየሮጠም ይመለስ ነበር፤ መጽሐፉን ሸጕጦ መሮጥ ስለ ለመደ፥ ዓለም ባየውም ጊዜ የግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ታጥፎ ነበር። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማግኘቱን በራዲዮ ሰምቶ ልቡ ተነሣ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ሩጦ አሸነፈ። ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ኑሮውን ሲኒማ አደረገው፤ የሲኒማው ስም ሲተረጐም ጽናት ማለት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ታየ። በዚያም ኃይሌ ራሱን ሁኖ ተጫወተ፤ የልጅነቱን ጊዜ ግን የሥጋ ዘመዱ የሆነ ብላቴና ተጫወተለት።

በዚህ ሥራ ነቀፋ የለም። ሲኒማ ከሺህ ቀን አንዱን መርጦ የቀረውን ይቈርጣል፤ ሥራው ይህ ነውና። ነገር ግን የተሠራው ሩጫው ካለቀ በኋላ መሆኑን አስተውል። ባለ ሲኒማው መጨረሻውን አውቆ ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ፥ የልጁ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ወርቁ የሚወስድ ይመስላል። ተማሪ ግን ጠዋት የሚሮጠው ደወሉ እንዳያመልጠው ነው። በአርሲ መንገድ እንዲሁ የሮጡ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ገበሬ፥ አንዳንዱ አስተማሪ፥ አንዳንዱ ነጋዴ ሆነ። ሩጫቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት አድርሷቸዋልና። እኛ ግን መጨረሻችንን ሳናውቅ በመካከሉ ቆመን የራሳችንን ሲኒማ እንሠራለን። ቋንቋችን እንኳ ያግዘናል፤ የትምህርት ቤቱንም ጥያቄ የሰይጣንንም ማሳት በአንድ ቃል ፈተና ብለን ስለምንጠራ፥ በሒሳብ የወደቀ ተማሪ ኢዮብን መስሎ ይቀመጣል። ሒሳቡን ደግሞ ቢያጠና ይሻለው ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው፤ ታሪክ ያለ ጠላት አይጥምም፤ ስለዚህ ራሱን ባለ ታሪክ ያደረገ ሰው ጠላት ከቤቱ ይፈልጋል። የኃይሌ አባት በመጀመሪያ የልጃቸውን ሩጫ እንዳልወደዱ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ለተመልካች ይህ የሚጥም ነገር ነው። አንተ ግን በእውነት ፍረድ፤ አሥር ልጆች የሚያበላ፥ ገብሱና ስንዴው የሚጠብቀው ገበሬ ልጁን ና አግዘኝ ቢለው በደሉ ምንድር ነው? አሰላ ለትምህርት የመጣ ጐልማሳ አባቱ ለዘር የሚሆን ገንዘብ ጐድሎኛል ብሎ ቢልክበት፥ በልቡ አባቱን የመንገዱ እንቅፋት አድርጎ ይጽፈዋል። ጋግራ ስንቁን የምትልክለትን እኅቱን ከነአካቴው አይጽፋትም። ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሽማግሎች እናስታርቅህ ቢሉት እንቢ ይላል፤ ቢታረቅ ታሪኩ ያልቅበታልና። ቂሙን እንደ ርስት ይዞ የሚያረጅ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በምእመናንም ጉባኤ ይህ ነገር አለ። አንዱ ተነሥቶ ጌታ ከምን እንዳወጣው ይመሰክራል፤ ይህ መልካም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰካራም ነበርሁ ይላል፤ በሦስተኛው ዓመት ስካሩ አድጎ ወንበዴነት ይሆናል። ሰው እልል ባለለት መጠን የጣለውን ኃጢአት አንሥቶ ይለብሰዋል፤ ጌታውም በታሪኩ መጨረሻ ብቻ ብቅ የሚል ረዳት ይሆናል። በዚያው ጉባኤ በስተኋላ የተቀመጠች፥ ከሕፃንነትዋ በጸሎት ያደገች ልጅ፥ እኔ የምናገረው የለኝም ብላ አንገትዋን ትደፋለች። ሁለተኛይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 ገልጠህ ተመልከት፤ ሐዋርያው ወደ ሰማይ ስለ መነጠቅ ሲናገር እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጎ ተናገረ፤ ያውም ከ14 ዓመት በኋላ፥ ያውም ግድ ሁኖበት። ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው 14 ደቂቃ መታገሥ ይቸግረዋል።

ኦኔሲሞስ ነሲብን አስብ። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታ ተላለፈ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በ1872 ተጠመቀ። ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ሞክሮ ሳይሆንለት ተመለሰ። ታሪክ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? እርሱ ግን ዕድሜውን ያዋለው ቃል በመፈለግ ነው፤ እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም በዚህ ሥራ አገዘችው። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተፈጽሞ የታተመው በ1899 ነው፤ ከነጻነቱ 29 ዓመት በኋላ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሲኒማ የሚያነሣው ቀን ጥቂት ነው፤ ትርጕሙ ግን የተሠራው በቀሩት ቀኖች ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሌጌዎን የወጣለት ሰው ወደ ታንኳው ገብቶ ጌታን ሊከተል ለመነ። ጌታ አልፈቀደለትም፤ የተደረገለትን ምሕረት እንዲነግራቸው ወደ ቤተ ሰዎቹ ሰደደው። እነርሱ የቀድሞውን ኑሮውን ያውቃሉ፤ በእነርሱ ፊት መጨመርም ማስጌጥም አይመችም። አንተም፥ ወንድሜ ሆይ፥ ለመስቀል ወደ በቆጂ ወይም ወደ ሳጉሬ ስትሄድ፥ በከተማ ለጓደኞችህ የምታወራውን ታሪክ እንዳለ ለእኅትህ ንገራት፤ እንዲያ አልነበረም ስትልህም አታቋርጣት።