መሬት ያነሳቸው፣ እጅ ያላነሳቸው

ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ተወልደው ስማቸው ከኢትዮጵያ ድንበር አልፎ ከተሰማ ሰዎች አንዱ የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ ናቸው። ልጅ ሳሉ እናትና አባታቸው እኩል እርሻ ውለው ይመለሳሉ። ቤት ሲደርሱ አባት አረፍ ይላሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የባላቸውን እግር ያጥባሉ። ልጁ ይህን እያየ «ለምን?» ይላል። ያልተለመደ ጥያቄ ነበርና ሰው እንደ እብድ ቆጠረው። ዙምራ ካደጉም በኋላ ጥያቄያቸውን አልተዉም። ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ከቀዬ ቀዬ ዞሩ፤ በመጨረሻም ፎገራ ወረዳ ውስጥ የሚሰሟቸው ገበሬዎች አግኝተው በ1964 ዓ.ም. አውራምባ የሚባለውን ማኅበረሰብ መሠረቱ።

ስለ አውራምባ ሲወራ የወንድና የሴት እኩልነቱ ይነሣል፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለመኖሩ ይነሣል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው ትምህርት ያለው ሸማቸው ላይ ነው። መሬት ያጠረው ሰው በእጁ ሥራ እንዴት እንደሚኖር፣ የእጅ ሥራስ ምን ሲሟላለት ዋጋ እንደሚያወጣ ከዚያ ሸማ መማር ይቻላል።

መሬት ሲያጥር

የአውራምባ ሰዎች መነሻቸው እርሻ ነበር። አኗኗራቸው ከአካባቢው ልማድ ስለተለየ ጎረቤቶቻቸው በጥርጣሬ ያዩአቸው ነበር። በደርግ ዘመን መጨረሻ በፖለቲካ ተወንጅለው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ በ1981 ዓ.ም. አካባቢ ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ሥርዓቱ ወድቆ ሲመለሱ አብዛኛውን መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞት አገኙት። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ነው። ቁጥራቸው እያደገ ከ400 ሲያልፍ ይህ መሬት እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ሰው 440 ካሬ ሜትር እንኳ አይደርስም። በዚያ ላይ አርሶ መኖር አይቻልም።

እንዲህ ያለው ጭንቅ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ለሚኖረው ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው አዲስ አይደለም። ከጉና ተራራ ሥር እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ድረስ ያለው አገር ገደላማ ነው፤ አፈሩ ታጥቧል፣ ማሳው በየትውልዱ ተቆራርሷል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ሴፍቲኔት ውስጥ ገብቷል። ወጣቱ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በወባ ታሞ፣ አንዳንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል። አውራምባዎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ፈትል ፈተሉ፣ ሸማ ሠሩ፣ ወፍጮ ተከሉ፣ ንግድ ጀመሩ።

አንድ ጣሪያ ሥር

በልማዳችን ጥጥ ባዘቶ የምታደርገውና በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ የሚወረውረው ወንድ ነው። ሴቲቱ ድውሯን ገበያ ወስዳ ለሸማኔ ትሸጣለች፤ ሸማኔው ጋቢውን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ከተማ ወስዶ አትርፎ ይሸጣል። አንድ ጋቢ ከፈትሉ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ይሸጣል፤ ብዙው ትርፍ የሚቀረው ከመጨረሻው ሰው እጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትፈትል ያደረችው ሴት ግን ሥራዋ በውል ሳይቆጠር ይቀራል።

አውራምባ ይህን አሠራር ከመሠረቱ ለወጠው። ሥራ የሚከፋፈለው በፆታ ሳይሆን በችሎታ ስለሆነ ወንድ ይፈትላል፣ ሴትም ሸማ ትሠራለች። ፈታዩና ሸማኔው የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው፤ ገቢውንም እኩል ይካፈላሉ። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ደግሞ ለአረጋውያንና ለታመሙ ይሠሩበታል። ከባህላዊው የሸማ ዕቃ ተነሥተው የተሻሻሉ የእንጨት መሸመኛዎችን አስገቡ፤ ከጋቢና ከነጠላ አልፈው ብርድ ልብስ፣ የአንገት ልብስና የጠረጴዛ ልብስ መሥራት ጀመሩ። መሸጫቸውን ከመሥሪያው አጠገብ አደረጉት። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ መንደራቸው የሚደርስ እንግዳ መጀመሪያ ሥራውን ያያል፤ ከዚያ ይገዛል። ማን እንደሠራው፣ ስንት እጅ እንዳለፈበት በዓይኑ ስላየ ዋጋውን የሚከራከረው በዚያው ልክ ነው።

ስድብ የሚያስከፍለው

ይህ ሁሉ የተቻለው አንድ ከባድ ነገር አስቀድሞ ስለተነሣ ነው። እሱም በእጅ ሥራ ላይ የተጫነው ንቀት ነው። በአገራችን አንጥረኛው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። ተሳዳቢው ንጉሡን እንደሰደበ እንዲቆጠርና አንድ ዓመት እንዲታሰር የሚል አዋጅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ስድቡ ከየመንደሩ አልጠፋም።

ስድብ ክብርን ብቻ ቢነካ ኖሮ ቻል አድርጎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ግን ዋጋንም ይቀንሳል። ንቀት የተጫነባት ሸክላ ሠሪ ገበያ ስትወጣ የምትቀመጠው ዳር ነው፤ እንስራዋን፣ ምጣዷን፣ ጀበናዋን ከፀሐይ ላይ ደርድራ ትውላለች። ገዥው የሚያናግራት ውለታ እንደሚውልላት ሆኖ ነው። ቀኑ ሲመሽ እንስራ ተሸክሞ ዳገት መመለስ ስለማይቻል ባገኘችው ዋጋ ትሰጣለች። ልጇም ይህን አይቶ የእናቱን ሙያ ይሸሻል፤ ሙያው ከእሷ ጋር ያበቃል።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። ቤተ እስራኤሎች መሬት መውረስ ተከልክለው በሸክላ፣ በብረትና በሸማ ሥራ ኖሩ፤ ቡዳ እየተባሉም ሕዝቡ የሚያርስበትን ማረሻና የሚያበስልበትን ድስት ሠሩለት። በኋላ የወለቃ ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ ምስሎችን እየሠሩ በመንገድ ዳር ለጎብኚ መሸጥ ጀመሩ፤ የተናቀው እጅ ውጭ አገር ድረስ የሚፈለግ ሥራ አወጣ። ቤተ እስራኤሎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ምስሎቹን እየሠሩ መሸጥ የቀጠሉት እዚያው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። ሲናቅ የኖረ ሙያ ባለቤቶቹ ሲሄዱ የሚፈለግ እንጀራ ሆኖ ተገኘ። የሙያን ዋጋ ለማወቅ እንዲህ መዘግየት ብዙ ያስከፍላል፤ ጋይንትና ስማዳ ሊደግሙት አይገባም።

አውራምባ ስድቡን ያነሣው በአዋጅ አይደለም። ወንዱ እንዝርት ይዞ በሰው ፊት ሲቀመጥ፣ ሴቷ መወርወሪያ ስትወረውር ስድቡ የሚያርፍበት አጣ። መንደሩ ሁሉ ሸማኔ ከሆነ ማን ማንን ቁጢት በጣሽ ይላል?

ጋይንት የምታውቀው መተማመኛ

የእጅ ሥራ ሁለተኛው ችግር እምነት ነው። ገዥ ጋቢ ሲያነሣ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር፣ ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ አያውቅም። የጥበብ ጥለት የታተመበት የውጭ ጨርቅ በየገበያው በርካሽ ሲሸጥ ደግሞ እውነተኛውን ከማስመሰያው መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሰጠው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። አውራምባ በራሱ ስም ስለሚሸጥ ይህን ችግር አልፎታል፤ ሸማው ቢበላሽ የሚወቀሰው መንደሩ ነው።

ጋይንት ይህን አሠራር ከማንም በፊት ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት። የትም አገር የተማረ መሪጌታ ወደ እነዚህ ቦታዎች መጥቶ ካላስመሰከረ ሙያው ሙሉ አይባልም፤ ያስመሰከረው ግን ሐረርም ይሂድ ጅማ ማንም አይጠራጠረውም። የቦታው ስም ለሰውዬው ዋስ ይሆነዋል። ለዜማ ይህን የሠራ አገር ለሸማ፣ ለስፌትና ለሸክላም መሥራት ይችላል። በየወረዳው ያሉ ባለሙያዎች ተሰብስበው «ይህ መሶብ ከዚህ ወርድ አያንስም፣ ስፌቱ እንዲህ ይጠብቃል፣ ይህ ጋቢ በእጅ የተፈተለ ነው» ብለው ቢስማሙ፣ ያልደረሰውን ሥራ ቢመልሱ፣ የደረሰውን በወረዳቸው ስም ምልክት ቢያደርጉበት፣ ገዥው የሚገዛው ጨርቅ ብቻ አይሆንም፤ እምነትም አብሮ ይገዛል።

መንገዱ በደጃቸው ነው

አውራምባ ወደ መንደሩ የሚመጣ እንግዳ አለው። ጋይንት ደግሞ በመካከሏ የሚያልፍ መንገድ አላት። ከባሕር ዳር በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ነው ጋሸና ላይ የሚታጠፈው። ላሊበላ ሲደርስ ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃ ይገዛል፤ በደጃቸው ያለፈባቸው ሰዎች ግን ምንም ሳይሸጡለት ይቀራሉ። ነፋስ መውጫ ላይ በተወሰነ ቦታ፣ ጥላ ባለው ዳስ፣ የሦስቱ አገር ባለእጆች በአንድነት የሚሸጡበት ገበያ ቢኖር መኪና የሚቆምበት ምክንያት ይኖረዋል። የስማዳ ስፌት፣ የእስቴ ሸማ፣ የጋይንት ሸክላ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ለሌላው ገዥ ይጠራለታል።

ጎብኚን ብቻ መጠበቅ ግን አያዋጣም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የእንግዳውን እግር ቆረጠ፤ በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ዘለቀ፤ ከዚያ በኋላም የአማራ ክልል መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ለጎብኚ ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ይራባል። ወፍራም ጋቢ ግን በጉና ደጋ ብርድ የሚገዛው አያጣም፤ ምጣድ ይሰበራል፣ ሰፌድ ያልቃል፣ ሙሽራ ሌማት ይፈልጋል። ከሥራው አብዛኛው ለጎረቤት የሚሆን ይሁን፣ የቀረው ለመንገደኛ። ጎረቤት ሙያውን ያቆያል፣ መንገደኛ ትርፉን ይጨምራል።

ምን ይደረግ?

ሁሉም ሰው እንደ አውራምባ በአንድ መንደር ተሰብስቦ፣ አንድ እምነት ይዞ መኖር አይጠበቅበትም። ከእነሱ የሚወሰደው አሠራሩ ነው፤ አሠራሩን ደግሞ በትንሹ መጀመር ይቻላል።

ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ነፋስ መውጫ ላይ አምስት ስፌተኞች ወይም ሸክላ ሠሪዎች ይስማሙ። እስካሁን አምስቱም ገበያ ውለው አምስት የሥራ ቀን ይባክን ነበር። ከእንግዲህ አንዷ የሁሉንም ይዛ ትውጣ፤ አራቱ ቤታቸው ሆነው ይሥሩ፤ በሚቀጥለው ገበያ ተራው የሌላዋ ይሁን። ከምን በታች እንደማይሸጡ አስቀድመው ይወስኑ። ቀን ያልሸጡትን ዕቃ የሚያሳድሩበት አንድ ክፍል በጋራ ይከራዩ። ያን ጊዜ የምሽቱ ጥድፊያ ይቀራል፤ ገዥም «ሲመሽ ትጥለዋለች» ብሎ አይጠብቅም። ከሽያጩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ለጥጥ፣ ለስንደዶና ለቀለም መግዣ ያኑሩ፤ በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል። ወንዶቹም ቤት ውስጥ ያግዙ፤ ባል የሚስቱን ፈትል ቢያግዝ፣ ውኃና ጭቃ ቢያመላልስላት፣ የቤቱ ገቢ ነው የሚያድገው።

ወረዳዎቹም ድርሻ አላቸው። የገበያ ቦታ ሲሸነሸን ባለእጁን ከዳር አንሥቶ መተላለፊያው ላይ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሴቶችን መሸመኛ ላይ፣ ወንዶችን እንዝርት ላይ ቢያስቀምጡ የሚያስተምሩት ከሙያው በላይ ነው።

ዙምራ ከእስቴ የወጡት ጥያቄያቸውን የሚሰማ አጥተው ነው። ያ ጥያቄ ሌላ ወረዳ ውስጥ መልስ አግኝቶ፣ 17.5 ሄክታር ላይ ከ400 በላይ ሰው አቆመ። መልሱን ለማየት ከእስቴ ፎገራ ሩቅ አይደለም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባለእጆች ሄደው ይዩት፤ ተመልሰውም የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሆነው በሚቀጥለው ገበያ ይጀምሩት።