በውድ መሸጥ ኃጢአት ነው?

የደረሰ ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በገለጉ ከተማ ዙሪያና በመተማ ቆላ በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት በአንድ ጊዜ የሚያይለው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ መብላት አለበት። ቆላው ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ያበቅላል እንጂ ምግብ ቤቶቹ የሚጠቀሙበት ጤፍ፣ በርበሬና እንደ ፎገራ ካሉ የመስኖ ቦታዎች የሚነሣው ሽንኩርት በአብዛኛው በጭነት መኪና የሚመጣ ነው። ወጡ የሚቁላላበት ዘይት እንኳ፣ አካባቢው የቅባት እህል አገር ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የገባ ፓልም ነው። ስለዚህ በገለጉ አንድ ሳህን ሽሮ ስንት እንደሚሸጥ የሚወሰነው ከገለጉ ውጭ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የአማራ ክልላችን ግጭት ተባብሶ የጭነት መንገዱን አስጨነቀው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጅምላ ዋጋ እንዲህ ሲንር ጥያቄው የሒሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሕሊናም ይሆናል። ሰው ሳይበላ የማያድረውን ነገር በውድ መሸጥ ኃጢአት ነው? እኔ ኃጢአቱ ያለው በመወደዱ ሳይሆን በመደበቁ ነው እላለሁ።

በዚህ ቆላ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎረቤት ናቸውና ማስረጃውን ከሁለቱም ወገን መጥራት ተገቢ ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የእህል ነጋዴዎችን ሲገሥጽ በዝርዝር የሚከሳቸው መስፈሪያውን ስላሳነሱ፣ ሚዛኑን ስላጭበረበሩና ግርዱን ከእህሉ ጋር ስለሸጡ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ምዕራፍ 11 ላይ እርግማኑን የሚያወርደው እህሉን በሚይዘው ላይ ነው፤ የሚሸጠውን ግን ይባርካል። በእስልምናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ተመን ያውጡልን ሲሏቸው ነቢዩ ሙሐመድ እንቢ ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል፤ እህል አከማችቶ መወደዱን የሚጠብቀውን ግን ኃጢአተኛ ብለውታል። በሁለቱም ዘንድ ክሱ የሚቀርበው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጥሩን በፈጠረው ድብቅ ሥራ ላይ ነው።

የቅርቡ ታሪካችንም ይህንኑ ይደግፋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል ዘይትና ስኳር ከመደብር ጠፉ፤ ወረፋው ረዘመ፤ ከወራት በኋላም የአብዛኛው ሸቀጥ ጣሪያ ተነሣ። ዋጋውን በትእዛዝ ዝቅ ማድረግ ሸቀጡን ከመጋዘን አላወጣውም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸቀጥ መደበቅን ሲከለክልና ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ሲያዝ ግን የነገሩን ሥር የነካ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጅምላ ነጋዴው የሚያነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ዛሬ የያዝኩትን ጤፍ በገዛሁበት ሒሳብ ብሸጠው ነገ በምን ልተካው ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ አምስት ኩንታል ሸጦ በዚያው ገንዘብ አራት ብቻ መግዛት ከቻለ መጋዘኑ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል፤ የሚጎዳውም ገለጉ ነው። የመንገዱ ሥጋት፣ የደላላው ድርሻ፣ በክረምት ጭቃ የሚቆመው መኪና ሁሉ ዋጋ አላቸው። በመተኪያ ዋጋ የሸጠ ነጋዴ፣ በርግጥ የሚተካ ከሆነ፣ በደለኛ አይባልም። ዮሴፍስ በግብፅ እህል አከማችቶ የለም ወይ ለሚለው ግን መልሱ ወቅቱ ላይ ነው፤ ዮሴፍ በጥጋብ ዘመን ሰበሰበ፣ በረሃብ ዘመን ጎተራውን ከፈተ። ኃጢአተኛው አከማቺ በተቃራኒው በችግር ጊዜ የሚዘጋው ነው። የሮማው ፈላስፋ ሲሴሮ የተረከው አንድ ክርክር ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል፦ ረሃብ ወደ ገባባት ወደ ሮድስ ደሴት እህል ጭኖ የደረሰ ነጋዴ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል፤ ለገዢዎቹ መናገር አለበት? ሲሴሮ መናገር አለበት ይላል። ዛሬ የመርከቡን ወሬ የሚያመጣው ስልክ ነው። ጭነቱ ጎንደር መድረሱን የሚያውቀው ጅምላ ነጋዴ ብቻ ነው፤ ባለ ምግብ ቤቷ አታውቅም፤ እጥረቱ ሳምንት እንደማያልፍ እያወቀ ወር የሚዘልቅ አስመስሎ የሚሸጥላት ሰው የወሰደባት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመምረጥ ዕድሏንም ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ጅምላ ነጋዴው ላይ አያበቃም፤ ወደ ማእድ ቤትም ይገባል። አስቤዛ ሲወደድ ብዙ ምግብ ቤት ዋጋውን አይነካም፤ እንጀራውን ያጠባል፣ ሽሮውን ያቀጥናል፣ ዘይቱን ይቀንሳል፣ የጤፍ እንጀራ ብሎ በሩዝ ወይም በማሽላ ዱቄት ያበዛዋል። በፆም ወራት፣ ሥጋው ቀርቶ ሁሉም በያይነቱ ሲያዝ፣ ይህ ይብሳል። ደንበኛው ከሚወደድበት ቢያንስበት ይመርጣል የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሊሆንም ይችላል። ግን መምረጥ የሚችለው የተነገረው ሰው ነው። በግድግዳው ላይ ሙሉና ግማሽ ማእድ ተብሎ ለየብቻ ዋጋ ቢጻፍ፣ የማሽላ ቅልቅሉም በስሙ ቢጠራ፣ ባለ ምግብ ቤቷ ከወቀሳ ነጻ ናት። ማሽላ በዚህ አገር ነውር የለበትም፤ ሳይነገር ሲቀላቀል ግን ያው አሞጽ የወቀሰው መስፈሪያ ነው።

ግልጽነት የማይበቃበት አንድ ቦታ እንዳለ አልክድም። ከተማ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ማእዱ ካነሰበት ተነሥቶ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ርቆ በእርሻ ካምፕ የሚያድረውና በባለሀብቱ ቀለብ የሚሠራው ግን የት ይሄዳል? ዱቄቱ ሲወደድ ራሽኑ ቢቀነስበት፣ ቅነሳው በአደባባይ ቢነገረውም፣ ደመወዙ እንደተቀነሰ ይቆጠራል፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ወደ ጌታ ጆሮ ይደርሳል ያለው የአጫጆች ጩኸትም ይህ ነው። ስለዚህ በእርሻው ውል ላይ የቀን ሒሳቡ ብቻ መጻፉ አይበቃም። የዱቄቱ ኪሎ፣ የዘይቱና የምስሩ መጠን በቁጥር መስፈር አለበት፤ በአጨዳው መሐል ዋጋ ቢጨምር ጭማሪውን የሚሸከመው ሰሊጡን የሚሸጠው ባለሀብት ይሁን።